አንሙት ለተማሪዎቹ ያላሳየው

አንሙት አካለ ወልድ ወረቀት የያዘ ሰው ገና ከሩቅ ያውቃል። የሚያውቀው በአስተያየቱ ነው። በግ ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ ወደ በረት ይሄዳል፤ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ወደ በሩ ያያል። ወረቀት የያዘ ሰው ግን ቆም ይልና አገሩን ከዳር እስከ ዳር ይቃኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰው የሚዞረው።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ እንዲህ የሚቃኙ አምስት ወጣቶች ከሮብ ገበያ በላይ ወዳለው መንደሩ ሲወጡ አየ። ከፊታቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ድረስ ይመራቸዋል። አንሙት ደጁ ላይ ጓሳ አስጥቶ እያገላበጠ ነበር። ሣሩን ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኘም። ቤት ገብቶ ግን ጀምሮ ያልጨረሰውን ገሳ ከጎታው ጀርባ ወሸቀ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውንም አሮጌ አውርዶ እላዩ ላይ ጣለ። እጁን አራገፈና በሩ ላይ ቆመ።

«እነዚህ ልጆች ከማርቆስ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው» አለ ድረስ። አብሮ አደጉ ነውና ሰላምታ አላበዛም። «አንተን ብለው ነው የመጡት።»

«እኔን ማን አሳወቃቸው?»

አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ወደ ፊት ቀረብ አለች። እስከዳር ትባላለች። «የገሳ ሥራ የሚያውቅ ሰው ስንፈልግ በገበያው የጠየቅነው ሰው ሁሉ የእርስዎን ስም ጠራልን። ሥነ ጥበብና ዲዛይን ነው የምንማረው። የመመረቂያ ሥራችንን ከሚሠራው ሰው ጋር ሆነን መሥራት እንፈልጋለን። ገሳውን ከእርስዎ ተምረን፣ አብረን እናሻሽለዋለን ብለን ነው።»

«ምኑ ተበላሽቶ ነው የምታሻሽሉት?»

ልጆቹ ተያዩ። ድረስ ሳቁን ዋጠ።

«ደግሞም እኔ ገሳ ከተውሁ ቆየሁ» አለ አንሙት።

እስከዳር የተሰጣውን ጓሳ አየች። ቀጥሎ የሣር ብናኝ የሞላበትን ጥፍሩን አየች። ምንም አላለችም። አንሙት ከዚያ ቀን ሁሉ ይህን ዝምታዋን ነበር የጠላው።

ገሳ የደጋ ሰው የዝናብ ልብስ ነው። ከጓሳ ሣር ይጎነጎንና ከራስ ላይ ተደፍቶ፣ ትከሻና ጀርባ ሸፍኖ እስከ ባት ይወርዳል። አንሙት ሙያውን የተማረው ከእናቱ ወንድም ነው። ያኔ በአካባቢው ሰባት ገሳ ሠሪዎች ነበሩ። ላስቲክ ከመጣ ወዲህ አንዳንዱ ተወው፣ አንዳንዱ ሞተ፤ አሁን ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች የቀረው እሱ ብቻ ነው። ላስቲክ ነፋስ ይቀደዋል፣ አያሞቅም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥተው ከብት የሚያውሉ ሰዎች ዛሬም ይፈልጉታል። ከዚያ ውጭ ገብስና ድንች ያበቅላል፣ ጥቂት በጎች አሉት። ሦስት ሴት ልጆቹን ድሮ ከሚስቱ ከስሜነሽ ጋር ብቻ ይኖራል። በመንደሩ በክፉ የሚያነሳው ሰው የለም። ጠርጣራ ነው ይሉታል እንጂ።

መጠርጠሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1989 መሬት ሲሸነሸን አንሙት የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከሽንሸናው በፊት መልካም ምላስ ያላቸው ወጣቶች ደብተር ይዘው መጡ። የአባቱን የአካለ ወልድን እግር ሳይቀር አጠቡ። ከየት እስከ የት እንደሚያርስ፣ የትኛው ማሳ ጥቁር አፈር እንደሆነ፣ የትኛው ድንጋያማ እንደሆነ እያጫወቱ ጠየቁት። አባቱ ሰው አማኝ ነበር፤ የጠየቁትን ሁሉ ነገራቸው፤ ያልጠየቁትንም ጨመረላቸው። ከወር በኋላ በስብሰባ ላይ ስሙ ተነበበ። ትርፍ መሬት አለው ተብሎ በገመድ ተለካና ጥቁር አፈሩ በሙሉ ሄደ። አባቱ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ እንግዳ ቤቱ ሲገባ ግን አፉን አይከፍትም ነበር። አንሙት ያየው ይኸን ነው።

ተማሪዎቹ አልሄዱም። ከጎረቤቱ ከዓይናዲስ ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ። በማግሥቱ እስከዳርና ጌቱ የሚባል ጓደኛዋ ተመልሰው መጡ፤ በሦስተኛው ቀንም መጡ። የአገሩ ሰው «አያ አንሙት» ሲለው ሰምተው እነሱም «አያ» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ቶሎ መላመዳቸው ደስ አላለውም።

ስሜነሽ ግን ወደደቻቸው። ሴቶቹን ሰብስበው ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚቸግራቸው ሲጠይቁ እሷም ሄዳ ነበር። ገሳ ለወንድ ከብት ጠባቂ የተሠራ መሆኑን፣ ውኃና እህል የተሸከመች ሴት ልልበሰው ብትል ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም እንደማያስገባት ነገረቻቸው። ልጆቹ ጀርባው ሰፋ ያለ፣ ከፊት የሚታሠር፣ ሸክምን ከነሴቲቱ የሚሸፍን ገሳ በእርሳስ ነድፈው አሳዩዋት።

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር ይኸን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው ማታ እራት ላይ።

«አንቺስ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ሳይጠይቁ ምን ይነገራል?»

 በማግሥቱ አንሙት ገሳውን ከጎታው ጀርባ አወጣ። አስተምራቸዋለሁ አለ። እንዴት እንደሚያስተምራቸው ግን ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል።

የገሳ ምሥጢሩ ረድፉ ላይ ነው። እያንዳንዱ የሣር ረድፍ ከበላዩ ካለው ረድፍ ሥር አራት ጣት ያህል ገብቶ መታሠር አለበት፤ እንደ ሣር ቤት ክዳን። ያን ጊዜ ውኃው ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተንከባለለ ይወርዳል። አንሙት ለልጆቹ ያሳያቸው ሌላ ነው። ረድፉን ከረድፉ ጫፍ ለጫፍ አገጣጥሞ ማሠር አስተማራቸው። ሲያዩት ያምራል፤ ይቀላልም።

ጌቱ እያንዳንዱን ቋጠሮ በደብተሩ ላይ ይነድፋል። እስከዳር አንዴ ሣሩን እንደያዘች ቀና አለች። «አያ፣ ለምን እንደ ቤት ክዳን አይደራረብም?»

«ይከብዳል» አላት።

ውኃ አፍስሰን እንሞክረው ሲሉም ጆጉን ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ አፈሰሰ፤ ቀስ አድርጎ፣ በረድፉ መካከል። አንድ ጠብታ አላለፈም። ልጆቹ ደስ አላቸው።

ይበልጥ የጠረጠረው ግን መንደሩን መሳል ሲጀምሩ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት የዓይናዲስ ደጅ ላይ ዘርግተው፣ ሰዉ ሁሉ እየመጣ ምንጩን፣ ወፍጮውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የግጦሹን ቦታ እንዲያሳያቸው ያደርጋሉ። ሴቱም ሽማግሌውም በጣቱ እየጠቆመ ይስቃል። ያን ሰሞን ተራራው በመንግሥት ሊከለል ነው የሚል ወሬ ነበር። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ገበያ ውስጥ ግን ይወራል። ከተከለለ ሣር ማጨድ ይቀራል ማለት ነው።

«አያ፣ ጓሳውን የሚያጭዱት የት ነው?» አለችው እስከዳር እርሳሷን ይዛ።

ጓሳው ያለው ጭላል ከሚባለው ቦታ በላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ነው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አንሙት እጁን ወደ ሌላ ወገን ዘረጋ። «ያች ቀይ አፈር የምንላት ተዳፋት አለች። እዚያ ነው።»

ቀይ አፈር የመንደሩ ሰው የምንይችል የከብት ግጦሽ ናት። ምንይችል በዚያ ሰዓት ገበያ ነበር። የነበሩትም ሰዎች ወደ ወረቀቱ አጎንብሰው ዝም አሉ። እስከዳር ምልክት አደረገች። በማግሥቱ ከጌቱ ጋር ሆነው ቦታውን ሊያዩ ወጡ፤ ከቀትር በኋላ ተመልሰው ስለ እሱ ያነሱት ነገር የለም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ለሴት በነደፉት ዓይነት ከሠሯቸው አምስት ገሳዎች አራቱን ጠቅልለው ወደ ማርቆስ ወረዱ። አምስተኛውን ለስሜነሽ ሰጧት። ሚያዝያ ላይ በከተማው ሥራቸውን ለሕዝብ እንደሚያሳዩ፣ ከዚያም አራቱን ወደ ላይ ወጥተው ከብት ለሚያውሉ ሴቶች እንደሚሰጡ ነገሯቸው።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ጀመረ። ስሜነሽ ገብስ አስፈጭታ ስትመለስ ነው መንገድ ላይ ያገኛት። አዲሱን ገሳ ለብሳለች፤ የዱቄቱን ማዳበሪያ አዝላ ከሥር አስገብታዋለች። አንሙት በሩ ላይ ሆኖ ዳገቱን ስትወጣ ያያታል። 

ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። ማዳበሪያውን አወረደችና ከፈተችው። ዱቄቱ ከላይ እንደ ሊጥ ሆኖ ተጋግሯል። የአንድ ሳምንት ቀለብ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ አንሙት እንጨት ጨመረ።

ሙቀት ሲሰማት ገሳውን ሳበችና ገለበጠችው። የገሳ ሠሪ ሚስት ናት። ጣቷን ከረድፍ ወደ ረድፍ አስኬደች፤ በያንዳንዱ መገጣጠሚያ ብርሃን ይታያል።

«ይኸ የልጆቹ ስሕተት ነው?» አለች።

አንሙት እሳቱን ቆሰቆሰ።

«እኔ ይኸን እጅ አውቀዋለሁ። ልጆቹ ያሳየሃቸውን ነው የሠሩት።»

«ምን እንደሚፈልጉ አላወቅሁማ።»

«እኔስ ምን ፈልጌ ነው የረጠብሁት?» አለችው። ድምፅዋን አላነሳችም። «ያን አራቱን የሚለብሱ ሴቶች አሉ። ሂድና ንገራቸው። ካልሄድህ እኔ እሄዳለሁ።»

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ አንሙት በሚኒባስ ወደ ማርቆስ ወረደ። ስሜነሽ ልካው ብቻ አልነበረም፤ መንደሩ የተሳለበት ያ ወረቀት የት እንደደረሰ በዓይኑ ማየት ፈልጓል።

ሥራው የሚታየው በአንድ አዳራሽ ነው። አራቱ ገሳዎች ከጣሪያ በገመድ ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው የእሱ እጆች ፎቶ አለ፤ እጆቹ ብቻ፣ ፊቱ የለም። መቼ እንዳነሱት አያውቅም። ከግድግዳው ላይ ያ ትልቅ ወረቀት፣ አሁን በቀለም አምሮ፣ ተሰቅሏል። ምንጩ አለ፣ ወፍጮው አለ፣ የዓይናዲስ ደጅ ሳይቀር አለ። በቀይ አፈር ላይ «የጓሳ ማጨጃ፣ አያ አንሙት እንደነገሩን» ተብሎ ተጽፏል።

አንሙት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከጎኑ መጥቶ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ቀረብ ብሎ ደገመው። ከዚያ ወጣ።

እስከዳር አንሙትን ስታየው ሮጣ መጣች። የመጣበትን ስትጠይቀው «ያ ሰውዬ ማን ነው?» አላት።

«የትኛው?»

«ኮት የለበሰው። ፎቶ ያነሳው።»

ወደ በሩ አየች። «አላውቀውም፣ አያ። ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንም ይገባል።»

እውነቷን ነበር፤ ያስታውቃል። ግን እውነቷ መሆኑ ለአንሙት የከፋ ሆነበት። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ የሚያውቀው ነገር አለ። እነዚህ ልጆች የሰው አገር ግድግዳ ላይ ሰቅለው ማን እንደሚያየው አያውቁም።

መምህራቸው ፍቅረ ሥላሴ ሊተዋወቀው መጣ። እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ «ካርታው ትክክል ነው ወይ፣ ጋሼ? የተሳሳትነው ካለ ይንገሩን» አለው።

አንሙት ወደ ቀይ አፈር አየ። «ደኅና ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ገሳዎቹ ዞረ። «እነዚህን አውርዱልኝ።»

«ለምን?»

«ውኃ ያስገባሉ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ገሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ከታች ጀምሮ መፍታት ያዘ። ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ የዝግጅቱ ክፍል መስሎት ፎቶ ያነሳል። ጌቱ በፍጥነት ደብተሩን አወጣ።

«እሱን አስቀምጠው» አለ አንሙት። «በእጅህ ነው የምትይዘው።»

ረድፉን ከረድፉ ሥር አራት ጣት አስገብቶ፣ ክሩን ሁለቴ አዙሮ አሠረ። ለእስከዳር ሰጣት። ሞከረች፤ ላላባት። ፈታና እንደገና ሰጣት። በሦስተኛው ተሳካላት።

«ያኔ ጠይቄዎት ነበር» አለች ቀና ሳትል።

«ጠይቀሽኛል።»

«ይከብዳል አሉኝ።»

«ይከብዳልም። አልዋሸሁሽም፤ ያልነገርሁሽ ነገር ነበር እንጂ።» ቀጣዩን ረድፍ አነሳና «ስሜነሽ ረጠበች» አለ። ሌላ ይቅርታ አልጠየቀም። እስከዳርም አልጠበቀችም። እስከ ምሽቱ የመጨረሻ ሚኒባስ ድረስ ሁለቱን ገሳዎች አስተካክለው ጨረሱ፤ የቀሩትን ሁለቱን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩ። አራቱም ሰኔ ላይ ለሴቶቹ ደረሱ። ውኃ አላስገቡም።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብሎ ነበር። በተከታዩ ኅዳር ግን ሦስት ሰዎች በመኪና መጡ። የደብዳቤ ወረቀት ይዘዋል፤ ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆኑ ግን ለመንደሩ ሰው ጥርት አድርገው አልተናገሩም። ጥናት ነው አሉ። ቀጥታ ወደ ቀይ አፈር ወጥተው ዙሪያውን ችካል ተክለው ሄዱ።

ምንይችል በትሩን እንደያዘ ወደ አንሙት መጣ። «ከአባቴ ጀምሮ ከብት የሚውልበት መሬት ነው። ማን ጠቆማቸው? አንተ ሰው ታያለህ፤ ማንን ትጠረጥራለህ?»

«አላውቅም» አለ አንሙት።

ምንይችል ሲሄድ ለእስከዳር ደወለላት። ያኔ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች።

«ያን ወረቀት ለሰው ሰጥታችኋል?»

«አልሰጠንም፣ አያ። ግን ግድግዳ ላይ ነበር። ፎቶ ያነሳው ብዙ ነው።» የሆነውን ነገራት። «እዚያ ጓሳ እንደሌለ አውቄ ነበር» አለች። «ወጥተን አይተናል። የላም እበት ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«እርስዎ የነገሩን ስለሆነ። ለዚህ ነው እንደነገሩን ብለን የጻፍነው። ሌላውን ቦታ እንዲታወቅ የማይፈልጉት በምክንያት ነው ብዬ አሰብኩ።»

አንሙት ስልኩን ዘግቶ ደጁ ላይ ብዙ ቆየ። ልጅቷ ለእሱ ብላ ነው ወይስ ነገር ቢመጣ በስሙ ይምጣ ብላ? ሁለቱንም አገላብጦ አሰበው። እስከ ዛሬም አልቆረጠለትም። አንድ ነገር ግን ገባው፤ ምንይችል ልክ እንደ አካለ ወልድ ስብሰባ ላይ ስሙ እንደተነበበ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፤ ይህን ያደረገበትም አንሙት ራሱ ነው።

በማግሥቱ ምንይችልን አስከትሎ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ድረስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር።

«ቀይ አፈር ላይ ጓሳ በቅሎ አያውቅም» አለ አንሙት ቆሞ። «የምንይችል ግጦሽ ነው። ይኸን መስክሬ ልፈርም።»

«ተማሪዎቹ ጓሳ ነው ብለው ጽፈዋል» አለ ድረስ።

«እኔ ነኝ ያልኋቸው። ዋሽቼ ነው።»

ምንይችል ወደ እሱ ዞሮ አየው። በትሩን አነሳና ወጣ።

ድረስ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ማርቆስ ሄጄ ሥዕሉን አይቼዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«በተከፈተ ዕለት። ከአንተ በፊት።»

«ስሕተት መሆኑን እያወቅህ ዝም አልህ?»

«አንተ ለምን ዋሸህ?» ድረስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓይናዲስም አይታዋለች። ቄሰ ገበዙም አይተውታል። የጭላልን ስም ያነሳ ሰው ሰምተሃል?»

አንሙት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሲጠረጥር የኖረው ብቻውን ይመስለው ነበር።

ድረስ ወረቀት አወጣና ጻፈ፤ ቦታው ከጥንት የምንይችል ግጦሽ መሆኑን፣ በስሕተት መጠቆሙን። ሊጨርስ ሲል ብዕሩን አቆመ። «ጓሳው የት ነው ቢሉኝስ?»

«ጠይቀውሃል?»

«አልጠየቁም።»

«እንግዲያ አትጻፈው።»

ድረስ ማኅተሙን መታበት። አንሙት ፈረመ።

መልስ የሰጠ መሥሪያ ቤት የለም። ችካሎቹ እስከ ሰኔ ቆዩ፤ የምንይችል ላሞች እየታከኩ ሁለቱን ጣሉ፣ ቀሪዎቹን ማን እንደነቀላቸው አይታወቅም። ምንይችል እስከ ፋሲካ ድረስ አንሙትን ሰላም አላለውም፤ ከዚያ በኋላም የሚለው ሰው ካለበት ብቻ ነው። ስሜነሽና ዓይናዲስ አሁን ለሴት የሚሆነውን ገሳ ራሳቸው ይጎነጉናሉ፤ አንሙት ሣሩን ያመጣላቸዋል። እስከዳር ለበዓል ስትደውል ስለ ሥራው ሁሉንም ትጠይቀዋለች፤ ሣሩን ከየት እንደሚያመጣው ግን አንስታ አታውቅም፤ እሱም አይነግራትም።